ቸኮሌቴ ድሬ ላይ ሾርባ ሆነ፤ ሀላዋ የት ልግዛ?

የከዚራ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:10

ጀመዓ ሰላም ነው?

ለእማዬ ብዬ ከአዲስ አበባ አንድ ካርቶን ቸኮሌት ይዤ መጥቼ ነበር። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ ከውጭ ስትመለስ ያመጣችልኝ ነው፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከራሴ ደብቄ ያቆየሁት። አውቶቡስ ውስጥ እግሬ ሥር አስቀመጥኩት። ከታች ሞተሩ ይግላል፣ ከሚኤሶ ወዲህ ደግሞ በመስኮት የሚገባው ንፋስ ሳይሆን ወላፈን ነው። ከመናኸሪያ ባጃጅ ይዤ ቤት እስክደርስ ጭኔ ላይ አቅፌው ነበር፤ ያም አልበጀውም። እማዬ ክዳኑን ከፈተች፣ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ፣ «ማንኪያ ላምጣ?» አለች።

በማንኪያ በላነው። ይጣፍጣል፣ አልዋሽም።

ማታ ዳቦ ልገዛ ጥግ ላይ ወዳለችው ሱቅ ወጣሁ። ልጅ ሆኜ በስሙኒ ከረሜላ የሚሸጥልኝ ሀጂ አሁንም ያው ባንኮኒ ላይ ክርኑን አስደግፎ ተቀምጧል። ከሰፈር ከወጣሁ 12 ዓመቴ ነው። ገና ሲያየኝ «መልስሽን ሳትወስጂ የሄድሽው ልጅ አይደለሽም?» አለኝ። የምን መልስ እንደሆነ እስካሁን አላውቅም። የቸኮሌቱን ነገር ስነግረው ሳቀብኝና ከመስታወቱ ጀርባ ካለው ትሪ ላይ ጣት የምታህል ሀላዋ በቢላ ቆርጦ በወረቀት ሰጠኝ። «ይቺ ከድሬ ፀሐይ ጋር ተማምላለች፤ አትቀልጥም» አለ። ገንዘብ ላወጣ ስል፣ «ተይው፣ ከመልስሽ ላይ ነው» አለኝ።

እንግዲህ ጥያቄዬ። ሐሙስ ሀረር ወጥቼ ልውል ነው፣ ቅዳሜ ወደ አዲስ እመለሳለሁ። ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ሁለት ኪሎ ያህል ሀላዋ መውሰድ እፈልጋለሁ። ከየት ልግዛ? ስሙ በመብራት የተጻፈ ቤት አልፈልግም። ባለቤቱ ቀና ብሎ አይቶኝ «ቅመሺ» የሚልበትን ቤት ነው የምፈልገው። ደግሞ ቸኮሌት አንዴ ከቀለጠ በኋላ መልሶ ይድናል ወይ? የተረፈውን ፍሪጅ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ መልኩ ግን አላማረኝም።

ጁገል ተወልዶ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:31

ሀረር ነዋ አቦ! ሐሙስ እንደምትወጪ ራስሽ ጽፈሽ የለ? በሸዋ በር ግቢ፣ ከዚያ በኋላ አፍንጫሽ ይመራሻል። ክሩ ይዘጋ።

ባጃጅ 07
ማክሰኞ፣ ማታ 2:44

ክሩ አይዘጋም። ሀላዋን እናንተ ፈጠራችሁት እንዴ? ስሙ አረብኛ ነው፣ ጣፋጭ ማለት ነው። ሱቅ የሚለው ቃል ራሱ አረብኛ ነው። ስኳሩም ቴምሩም ብስኩቱም የሚገባው በባሕር በኩል ነው፣ ባሕሩ ደግሞ ለማን ይቀርባል? ባቡሩ በ1902 እ.ኤ.አ. ከጂቡቲ ሲመጣ እናንተ ጋ ሊወጣ አስቦ ተራራውን አይቶ እኛ ጋ ቀረ። ድሬን መጀመሪያ ምን ይሏት እንደነበር ታውቃለህ? «አዲስ ሀረር»። አዲሱ እኛ ነን፣ አሮጌው እናንተ።

እኅቴ፣ ሀላዋውን ተይና ሙሸበክ ብዪ፣ በዘይት የሚጠበሰውን ጣፋጭ። ትኩሱን፣ ሽሮፑ ጣትሽ ላይ እየተንጠባጠበ። ሀላዋ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ የሚያላምጠው ነገር ነው።

ጁገል ተወልዶ
ማክሰኞ፣ ማታ 2:47

ባቡር ዳገት መውጣት አቅቶት እናንተ ጋ ስለተቀመጠ ክብር ሆነ? ሃሃሃ። ሙሸበክስ ቢሆን ረመዳን ላይ የት ሄደህ እንደምትገዛ አይቼሃለሁ።

ቦሌ ሚካኤል
ማክሰኞ፣ ማታ 3:02

ይቅርታ፣ ከርዕሱ ልወጣ ነው። የከዚራ ልጅ፣ «ሀጂ» ብለሽ ከጠራሻቸው በኋላ «አለኝ»፣ «ሳቀብኝ»? አያትሽ የሚሆኑ ሰው አይደሉም እንዴ?

የከዚራ ልጅ
ማክሰኞ፣ ማታ 3:09

አያቴን ራሷን «አንቺ» ነበር የምላት፣ አላህ ይዘንላትና። ሀጂን «እርስዎ» ብለው «ምን አስቀየምኩሽ?» ነው የሚለኝ። አዲስ አበባ ስገባ መጀመሪያ ያስቸገረኝ እሱ ነው፤ በሥራ በሁለተኛው ቀኔ አለቃዬን «አንተ» ብዬው ቢሮው ጸጥ አለ። እስካሁን ያን ቀን ያስታውሱኛል።

ባጃጅ 07
ማክሰኞ፣ ማታ 3:11

«እርስዎ» እኛ ጋ ለትራፊክ ፖሊስና ለአማት ነው። አማትም ከለመደች ይቀራል።

ዱቄትና ስኳር
ማክሰኞ፣ ማታ 4:20

ወደ ቸኮሌቱ ልመልሳችሁ፣ እንጀራዬ ስለሆነ ዝም ማለት አልቻልኩም። አዳማ ኬክ ቤት ነው የምሠራው።

ቸኮሌትን ያቆመው የካካዎ ቅቤ ነው። ይሄ ቅቤ 34 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይቀልጣል። የሰው አፍ 37 ገደማ ነው፤ ምላስ ላይ ስታስቀምጡት ሳታኝኩት የሚሟሟው፣ ያ ደስ የሚለው ነገር፣ ከዚህች ልዩነት የመጣ ነው። አሁን ግንቦት ላይ ከሰዓት በኋላ ድሬ ስንት ዲግሪ እንደምትገባ ለድሬ ልጆች እኔ አልነግርም። ከተማዋ ራሷ አፍ ናት። ከእናንተ ቀድማ ትበላዋለች።

የሚገርመው ደግሞ ዛፉ ሙቀት ወዳድ ነው። ካካዎ ከምድር ወገብ ወዲህና ወዲያ ባለ ሞቃትና ዝናባም ምድር ላይ ነው የሚበቅለው፤ አይቮሪ ኮስትና ጋና ሁለቱ ብቻ ከዓለም ምርት ከግማሽ በላይ ይይዛሉ። ፍሬው ግን አንዴ ቸኮሌት ከሆነ በኋላ የተወለደበትን አገር ፀሐይ አይችልም። ውጭ አገር ደርሶ እንደተመለሰ ሰው።

ፍሪጅ ስላስገባሽው፦ ላዩ ላይ ነጭ ነጭ ብሎብሻል አይደል? ሻጋታ አይደለም፣ እንዳትጥይው። የካካዎ ቅቤ ሲረጋ በስድስት ዓይነት መልክ ሊረጋ ይችላል። ፋብሪካ ውስጥ እያሞቁ፣ እያቀዘቀዙ፣ መልሰው ትንሽ እያሞቁ የሚያባብሉት አምስተኛው መልክ ላይ እንዲያርፍ ነው፤ የሚያብረቀርቀው፣ ሲሰበር ቋ የሚለው እሱ ነው። ያንቺው ጭንሽ ላይ ቀልጦ ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ማንም ሳያባብለው እንዳሻው ረጋ። ቅቤው ወደ ላይ ወጥቶ ነጣ፣ ስትበዪውም አሸዋ አሸዋ ይልሻል። ምንም አያደርግም። ወተት አፍልተሽ ውስጡ ጨምሪና አማስዪው፣ ምን እንደደረሰበት ማንም አያውቅም። ፍሪጅ ውስጥ ከቆየ ግን ክዳን ባለው ዕቃ ይሁን፤ ቸኮሌት ሽታ ይጠጣል። እኔ አንዴ ከንጥር ቅቤ ጎን ረስቼው ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ የሚል ቸኮሌት በልቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። ቆላ ከተማ ውስጥ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቀኑን ሙሉ ተሰቅሎ የማይቀልጥ «ቸኮሌት» ካያችሁ ጎበዝ ሆኖ አይደለም። የካካዎ ቅቤው ወጥቶ በፓልም ወይም በሌላ የአትክልት ቅባት ተተክቷል፤ እኛ ኮምፓውንድ እንለዋለን። ላንቃ ላይ እንደ ሻማ የሚለጠፈው እሱ ነው። ርካሽ ስለሆነ ለኬክ መሸፈኛ እኛም እንጠቀምበታለን፣ አልደብቅም፤ ልጅ እያለሁ የበላሁት ሁሉ እሱ መሆኑን ሳውቅ ግን ትንሽ ተከፍቻለሁ።

ባጃጅ 07
ማክሰኞ፣ ማታ 4:26

«ከተማዋ ራሷ አፍ ናት»። ነገ ባጃጄ ጀርባ ላይ አስጽፈዋለሁ፣ ወላሂ።

የድሮ ተላላኪ
ረቡዕ፣ ጠዋት 1:40

ሀላዋ የበላ ብዙ ነው፣ እዚህ ያማሰለ ግን አላየሁም። እኔ አማስያለሁ። ከስድስተኛ ክፍል እስከ ዘጠነኛ፣ ክረምት ክረምት፣ ሀረር አጎቴ ጎረቤት የነበረ ሀላዋ ቤት ተላላኪ ነበርኩ። ቤቱ አሁን ሞባይል መሸጫ ሆኗል።

መጀመሪያ ስኳሩ ከውሃ ጋር በሰፊ ብረት ድስት ይፈላል። ስታርቹ በቀዝቃዛ ውሃ ተበጥብጦ በቀጭኑ እየፈሰሰ ይገባል፤ እዚህ ላይ እጅህ ከቆመ አለቀልህ፣ ይጓጉላል፣ የጓጎለ ሀላዋ ደግሞ መካሻ የለውም። ከዚያ ዘይቱ በጥቂት በጥቂቱ። ሄሉ ተወቅጦ ወደ መጨረሻው፣ ለውዙ ተቆልቶ ተፈርክሶ። ለውዙ የባቢሌ ነው። ባለቤቱ እፍኝ ሙሉ ወስዶ በመዳፉ እያሸ ያሸተዋል፤ አንድ ቀን ከሌላ ቦታ የመጣ ገዝቼ ጆሮዬን ይዞ መለሰኝ። ማማሰያው ከቁመቴ ይበልጥ ነበር። እጅ ሲዝል ሰው ይቀየራል እንጂ ማማሰል አይቆምም፤ ሰዓት አልፎ ይሄዳል፣ ፊትህ ይጠበሳል፣ ሸሚዝህ ስኳር ሆኖ ይደርቃል። መቼ ነው የሚወጣው ካላችሁ፣ ሰዓት የሚያይ አልነበረም። ሀላዋው ድስቱን እየለቀቀ ሲመጣና ዘይቱ ከዳር ዳር ነጠብ ነጠብ ሲል «አለቀሰ» እንላለን። አለቀሰ ሲባል እኛ እንስቃለን፣ ማረፋችን ነዋ! ትሪ ላይ ይገለበጣል፣ ያድራል፣ ጠዋት በቢላ ይቆረጣል።

ስለዚህ ሀጂ «አትቀልጥም» ያለው እውነት ነው፣ የምትማማለው ግን ከፀሐይ ጋር አይደለም። ሀላዋን የያዘው በስኳር የበሰለ ስታርች ነው እንጂ የሚቀልጥ ቅቤ አይደለም። ሲሞቅ ዘይት ትንሽ ያወጣል፣ ያ ብቻ ነው። ወረቀቱ ላይ የዘይት ክብ ብታዪ አትደንግጪ። ፍሪጅ ውስጥ ግን እንዳትከቺው፣ ይደርቃል፣ ጎማ ይሆናል። አዲስ አበባ ላይ ሰው የሚያውቀው በቆርቆሮ የሚመጣው የሰሊጥ ሀላዋ ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ይፈረፈራል፣ የእኛው ይለመጣል። መሥሪያ ቤት ስትወስጂ «ይሄማ ሀላዋ አይደለም» የሚልሽ ሰው አይጠፋምና ተዘጋጂ።

አሁን «ቅመሺ የሚል ቤት» ስላልሽው። ቅምሻ የራሱ ሙያ አለው። የኛ ሰውዬ አስተምሮኝ ነበር። ለልጅ ከጠርዝ ትቆርጣለህ፣ ጠንከር ካለው፣ ሲያላምጥ እንዲቆይና እናቱ ተረጋግታ እንድትመርጥ። ለሠርግ ቤት ሰዎች ከመሃል፣ ከለስላሳው። ለመንገደኛ ለውዝ የበዛበትን። ጠዋት መክፈቻ ከሚሆነው ደንበኛ ጋር ክርክር የለም፣ ባለው ዋጋ ሰጥቶ መሸኘት ነው። ሚዛኑ ልኩን ከያዘ በኋላ ደግሞ ምራቂ አለ፣ ጣት የምታህል፤ ያለ ምራቂ ጠቅልዬ የሰጠሁ ቀን ማታ ሱቅ ሲዘጋ ይቆጣኛል። ነጋዴ ነበር፣ ሁሉም ነገር በልክ ነበር። ግን ደግሞ አንዲት ሴትዮ ረመዳን ሰሞን መጥታ ከልጆቿ ጋር ደጅ ቆማ ሳትገባ ስትቀር፣ ግማሽ ኪሎ ጠቅልሎ «ባልሽ ትናንት ከፍሎ ረስቶት ሄደ» ብሎ ሲሰጣት አይቻለሁ። ባሏ ከሞተ ሁለት ዓመቱ ነበር። ሁለቱም ያውቃሉ። እኔም አውቅ ነበር፣ ዝም አልኩ።

ሒሳብ አዋቂ
ረቡዕ፣ ቀን 6:15

ጥሩ ጽሑፍ ነው፣ ግን ልጅቷን አታሳስቷት። ሁሉም ሱቅ እንደዚያ አይደለም።

ባለፈው ዓመት ለሥራ ሀረር ሄጄ አንድ ቤት ገባሁ። «ቅመስ ወንድሜ፣ ቅመስ»፤ ቀመስኩ፣ ጥሩ ነው። ወንበር ተሰጠኝ፣ ሻይ መጣልኝ፣ አባቴ ደህና መሆናቸውን ጠየቀኝ (አባቴን የት ያውቃቸዋል?)። እንዲያ ተስቆ ተጫውቶ አንድ ኪሎ ገዛሁ። አዲስ አበባ ገብቼ ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 800 ግራም። ከላይ ያለው ትኩስ ነው፣ ከሥር ያለው ግን የከረመ፣ ዘይቱ ቀለም ቀለም የሚሸት። ዋጋውንም በኋላ ስጠይቅ የሀረር ሰው ከሚገዛበት ይበልጣል፤ አነጋገሬን ሰምቶ መሆን አለበት።

ሰፈሬ ያለው ሱፐርማርኬት ሻጯ ቀና ብላ አይታኝ አታውቅም። ግን ኪሎው ኪሎ ነው። እኔ ለፈገግታ 200 ግራም አልከፍልም።

ጁገል ተወልዶ
ረቡዕ፣ ቀን 6:22

የቱ ቤት ነው? ንገረንና ሄደን እናናግረዋለን።

ሒሳብ አዋቂ
ረቡዕ፣ ቀን 6:25

አልናገርም። ሰውየው ልጆች አሉት።

ባጃጅ 07
ረቡዕ፣ ቀን 6:26

አየህ፣ አንተም ደግ ነህ። 200 ግራም ከፍለህ ልጆቹን አሰብክለት።

የድሮ ተላላኪ
ረቡዕ፣ ማታ 12:50

ሒሳብ አዋቂ ልክ ነው፣ እንዲህ ያለ ቤት አለ፤ በኛም ጊዜ ነበር። መድኃኒቱ ቀላል ነው። የቀመስሽውን ትሪ አስቆርጪ፣ ከሥር ተዘጋጅቶ የተጠቀለለ አትቀበዪ። ቢላው ሲገባ እዪ፤ ትኩሱ ቢላውን ይይዛል፣ የከረመው ይሰነጠቃል። ለውዟን ለብቻ አውጥተሽ ቅመሺ፣ ካረጀች ትመራለች። ሚዛኑንም ዕቃ ሳይጫንበት ዜሮ ላይ ካላየሽ «ሀጂ፣ ሚዛንህ ደክሟል» በዪው፣ ይስቃል፣ ያስተካክላል። ይሄ እንደ ስድብ አይቆጠርም፣ ጨዋታው ውስጥ ያለ ነው።

ስለ አባትህ ግን ተሳስተሃል ወንድሜ። እሱ ማታለያ አይደለም። እኛ ጋ ቤተሰብ ሳይጠየቅ ሚዛን አይነሳም፣ ሰውየው ባያውቃቸውም። ሌባውም ይጠይቃል፣ ጻድቁም ይጠይቃል።

ቁጢ በወተት
ረቡዕ፣ ማታ 2:05

ቸኮሌት ካነሳችሁ ስለ ቡናችን ሳልናገር አላልፍም። የውጭ አገር ቀማሾች የሀረርን ቡና ሲቀምሱ ሁልጊዜ ሁለት ነገር ይጽፋሉ፦ ብሉቤሪ የሚሉትን ፍሬና ቸኮሌት። ቡናችን አይታጠብም፣ ከነሥጋው ፀሐይ ላይ ይደርቃል፤ ፍሬ ፍሬ የሚለው ለዚያ ነው። ድሮ በዘይላና በበርበራ ወጥቶ፣ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመኑ ወደብ በሞካ ስም ዓለምን ዞሯል። ዛሬ ካፌ ገብታችሁ «ሞካ» ብትሉ ቡና በቸኮሌት ይቀርብላችኋል። ሞካ ወደብ ላይ ካካዎ በቅሎ አያውቅም፤ ቸኮሌት የሚል ጣዕም ያለው ቡናው ነው ስሙን ያወሰው። እና የከዚራ ልጅ ቸኮሌት ከአዲስ አበባ ተሸክማ ወደ ሀረርጌ ትመጣለች!

ሀላዋን በለስላሳ መጠጥ የምትበሉ ሰዎች ደግሞ ለጥርሳችሁ እዘኑለት። ስኳር የሌለው ቡና ነው የሚፈልገው። ቡና ከሌለ ቁጢ፣ የቡና ቅጠሉን፣ ጨው ጣል አድርጎ። ስሜን አይታችሁ ታውቃላችሁና ገለልተኛ አይደለሁም።

አምስት በር
ረቡዕ፣ ማታ 2:40

እኔ ሱቅ አልመርጥልሽም፣ መንገድ ልንገርሽ። ከድሬ ሀረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ግን ሌላ አገር ነው የምትገቢው። ድሬ 1,200 ሜትር ላይ ናት፣ ሀረር ወደ 1,900 ይጠጋል። ደንገጎን ስትወጪ መስኮቱን ክፈቺ፣ ነጠላ ያዢ። የቸኮሌትሽን ትራፊ ይዘሽ ብትወጪ ከሐረማያ በኋላ ይደርቅልሻል።

በሸዋ በር ግቢ፤ ሀረሪዎቹ አስመዲን በሪ ይሉታል። ፈረስ መጋላ ላይ ቆም ብለሽ ትንፋሽሽን ሰብስቢ፣ ከዚያ በመኪና ግርግር ውረጂ። ስሙ የመጣው ከልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው፤ ግራና ቀኝ ልብስ ሰፊዎች በር በራቸው ላይ ተቀምጠው ይገርግራሉ፣ ጨርቅ ከገዛሽ ሻይ ጠጥተሽ እስክትመለሺ ሰፍተው ይሰጡሻል። ታች ሥጋ ገበያው ጊድር መጋላ ስትደርሺ ሀላዋሽን ደብቂ። ቀልድ አይደለም፤ ጭልፊቶቹ ሥጋ ከሰው እጅ ሲነጥቁ የኖሩ ናቸው፣ ወረቀቱን ሳይከፍቱ ምን እንደሆነ አያጣሩም። እኔ ግማሽ ኪሎ ሽንጥ ተነጥቄ አውቃለሁ፤ ባለ ሥጋ ቤቱ «ድርሻው ነው» አለኝ።

ብትጠፊም አትፍሪ። ጁገል 48 ሄክታር ብቻ ነው፣ ግንቡን ተከትለሽ ከአምስቱ በር አንዱ ጋ ትወጫለሽ። በዚያች ቦታ ውስጥ 82 መስጊድ አለ፣ ስለዚህ ቀትር ላይ አትሂጂ፤ አዛን ሲል ሱቁ ገርበብ ይላል፣ ከሶላት በኋላ ምሳ አለ፣ ከምሳ በኋላ ደግሞ የምታውቂው ቅጠል አለ። ጠዋት ወይ ከ10 ሰዓት በኋላ ነው ሰው የሚጫወተው።

ሌላ ጊዜ ስትመጪ ለሸዋሊድ አድርጊው። የረመዳን ጾም አልቆ፣ ስድስቱ የሸዋል ቀናት ተጾመው ሲያበቁ ሀረር ሌሊቱን አትተኛም። ዩኔስኮ በ2023 እ.ኤ.አ. ስለመዘገበው እንግዳው በዝቷል፣ ሀላዋ ቤቶቹ ግን ትሪያቸው አያርፍም፣ ትኩስ ካልሆነ ነገር አይደርስሽም።

ቦሌ ሚካኤል
ረቡዕ፣ ማታ 3:15

እኔ የጀመርኩት ሰው ለማረም ነበር፣ አሁን የአውቶቡስ ትኬት ዋጋ እያየሁ ነው። አንድ ጥያቄ፦ ሱቅ ስገባ በእውነት «አንተ» ልበል?

ጁገል ተወልዶ
ረቡዕ፣ ማታ 3:18

አንተ ከሸዋ ስለመጣህ «እርስዎ» ብትል ይገባቸዋል፣ ይስቁብሃል እንጂ አይቀየሙህም። ዋጋው ላይ ግን ሒሳብ አዋቂን አስታውስ። ሃሃሃ።

የከዚራ ልጅ
ሐሙስ፣ ማታ 3:30

ተመለስኩ። እግሬን ውሃ ውስጥ ነክሬ ነው የምጽፈው።

አምስት በር እንዳልከው ጠዋት ገባሁ። ሦስት ቤት ቀመስኩ። የመጀመሪያው ጣፋጭ ነው፣ ልጁ ግን ስልኩን እያየ ነው የቆረጠልኝ። ሁለተኛው ላይ የድሮ ተላላኪ ያለኝን ለውዝ ለብቻዋ አወጣሁ፤ መራራ ነች፣ አመስግኜ ወጣሁ። ሦስተኛው የአንዲት ሴትዮ ነው። ልጇ ባንኮኒው ላይ ደብተር ዘርግታ የቤት ሥራ ትሠራለች፣ ደንበኛ ሲመጣ ደብተሩ ወደ ጎን ይገፋል፣ ሚዛኑ ይወጣል፣ ሲሄድ መልሶ ደብተሩ ይመጣል። ወረቀቱ ላይ የዘይት ክብ አለ። መምህሯ ምን እንደምትል እንጃ።

ቀመስኩ። ሄሉ አፍንጫ ውስጥ ይገባል፣ ለውዙ ቋ ይላል። «ሁለት ኪሎ» አልኳት። «ለማን ነው?» አለች። ለመሥሪያ ቤት። «ስንት ናችሁ?» አሥራ አራት። ትንሽ አሰበችና «አንድ ተኩል ይበቃሻል፣ የቢሮ ሰው ውፍረት ይፈራል፤ የተረፈው ተቀምጦ ይደርቅና ሀላዋዬን ያሰድቡብኛል» አለች። እየገዛኋት ትቀንስብኛለች! ሚዛኑን ዜሮ ላይ አስደርጌ አየሁ፣ አልተቀየመችም። ልጅቷ ናት ምራቂውን የጨመረችው፣ ከጠርዝ ቆርጣ።

ሒሳብ አዋቂ፣ ላንተ ብዬ ድሬ ስገባ ጎረቤት ቤት ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። አንድ ኪሎ ተኩል ከ40 ግራም።

የቸኮሌቱን ትራፊ እማዬ ወተት ውስጥ ጨምራ ለሰፈር ልጆች አጠጣችው። እንደገና አምጪ ብለዋል።

የሀጂን ነገር ደግሞ አጣራሁ። እማዬን «ያኔ ስሄድ ሀጂ ጋ መልስ ነበረኝ እንዴ?» ብላት ሳቅ በሳቅ ሆነች። መልስ የለም። እንዲያውም የሄድኩ ሰሞን የከረሜላና የብስኩት ዱቤ ደብተሩ ላይ ጥዬ ነው የሄድኩት፣ ራሷ እማዬ ናት በሁለት ወር የከፈለችው። ወጥቼ ሀጂን ያዝኩት፤ «ዋሽተኸኛል፣ ዕዳ ነው የነበረብኝ» አልኩት። ዳቦውን በፌስታል እያስገባ ቀና ብሎም አላየኝ።

«ታዲያ ምን ልበልሽ? ባለዕዳ ነሽ ብዬ ሀላዋ ልስጥሽ?»

ባጃጅ 07
ሐሙስ፣ ማታ 3:41

ቅዳሜ መናኸሪያ የማደርስሽ እኔ ነኝ፣ በነፃ። ጽሑፉም ተጽፏል፣ ታዪዋለሽ። ሰዓሊው «አፍ»ን አሳንሶት «ከተማዋ ራሷ ናት» ነው የሚነበበው፣ ግን ምንም አይደል።

ሒሳብ አዋቂ
ሐሙስ፣ ማታ 3:58

40 ግራም? የዚያችን ሴትዮ ሱቅ አቅጣጫ በውስጥ መስመር ላኪልኝ።